የምክር ዓምድ፦ «እናቴን ያፈዘዛት እርጅና ነው ወይስ መድኃኒት?»

«እናቴ 76 ዓመቷ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ፣ 8 ዓመት ሙሉ፣ ማታ ማታ ለእንቅልፍ ዳያዜፓም 5 ሚሊ ግራም ትወስዳለች። እግሯን እያቃጠላት ስትቸገር አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊ ግራም ታዘዘላት። ቆዳዋን ስለሚያሳክካት እኔው ከፋርማሲ ክሎርፌኒራሚን እየገዛሁ ማታ 4 ሚሊ ግራም እሰጣታለሁ። የግፊት መድኃኒቷን ሃይድሮክሎሮታያዛይድንም የምትውጠው ማታ ነው። ሌሊት ሽንት ስለበዛባት ደግሞ ከ2 ወር በፊት ኦክሲቡቲኒን ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት ስትሄድ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። አመሻሽ ላይ የሌለ ሰው ታያለች፤ ሆዷ 4 እና 5 ቀን ይደርቃል። ወንድሞቼ ‹አርጅታለች፣ ተያት› ይላሉ። እኔ ግን መድኃኒቱን እጠረጥራለሁ። ሁሉንም አውጥቼ ልጣለው? ከተወችስ በስንት ጊዜ ይሻላታል?»

ውድ ጠያቂያችን፣ አይጣሉት። 8 ዓመት የተወሰደ ዳያዜፓም በአንድ ጊዜ ቢቋረጥ ከከባድ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት አልፎ የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። አሚትሪፕቲሊንም በድንገት ሲቀር ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና ቅዠት ይከተላል። ጥርጣሬዎ ግን ተገቢ ነው፤ ወንድሞችዎ እንዲያነቡትም ብለን ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን።

በዕድሜ የሚመጣ መርሳት በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚገባው። በ2 ወር ውስጥ መጥቶ፣ ጠዋት ረገብ ብሎ አመሻሽ ላይ የሚብስና የሌለ ሰው የሚያሳይ መደናገር ሲኖር «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍም፣ ምክንያቱ ይፈለጋል። መድኃኒት ከምክንያቶቹ ቀዳሚው ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ወስደዋቸው ሦስት ነገር ይታይላቸው። አንደኛ፣ ሲወድቁ ጭንቅላታቸው ተመትቶ ከሆነ ይንገሩ፤ በአረጋውያን ላይ በአንጎል ሽፋን ሥር የሚጠራቀም ደም ከሳምንታት በኋላ በመደናገርና በእንቅልፍ ብዛት ሊገለጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩ ይመርመር። ሦስተኛ፣ በደማቸው ውስጥ ያለው የሶዲየም መጠን ይለካ፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሶዲየምን ያወርዳል፣ አሚትሪፕቲሊንም ሊያግዘው ይችላል፣ የወረደ ሶዲየም ደግሞ ለብቻው ሰው ያደናግራል፣ ይጥላልም።

አሁን ወደ እንክብሎቹ እንምጣ። አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ነርቭ ለምራቅ ዕጢ፣ ለአንጀት፣ ለፊኛና ለዓይን ብሌን ትእዛዝ የሚያደርሰው በእሱ ነው። አንጎልም ነቅቶ ለመቆየትና አዲስ ነገር ለመያዝ ይህንኑ ይጠቀማል። አንቲኮሊነርጂክ የሚባሉት መድኃኒቶች ይህን መልእክት ይዘጋሉ። አፍ ይደርቃል፣ አንጀት ይሰንፋል፣ ፊኛ ጨምቆ መጨረስ ያቅተዋል፣ የቅርብ ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ላብ ይቀንሳል፣ አእምሮ ይደበዝዛል። እናትዎ ከሚወስዷቸው ውስጥ አሚትሪፕቲሊን፣ ክሎርፌኒራሚንና ኦክሲቡቲኒን ሦስቱም እዚህ ይመደባሉ። አንዱ የተሰጠው ለእግር ነው፣ አንዱ ለቆዳ፣ አንዱ ለፊኛ፤ የሚዘጉት በር ግን አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ መለኪያ እነዚህን መድኃኒቶች በአእምሮ ላይ እንደሚያደርሱት ጫና ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ 3 ከደረሰ አሳሳቢ ነው። ሦስቱ መድኃኒቶች እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ አላቸው፣ ዳያዜፓም 1። የእናትዎ ድምር 10 ነው ማለት ነው። በአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር የሚታደሰው የቢርስ መመዘኛም እ.ኤ.አ. በ2023 እትሙ ክሎርፌኒራሚንን፣ አሚትሪፕቲሊንንና ዳያዜፓምን ለአረጋውያን በተቻለ መጠን እንዲቀሩ ከሚመከሩት ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ይህን የምንነግርዎ ያዘዘ ሐኪም አጥፍቷል ለማለት አይደለም። እያንዳንዱ ሐኪም ያየው የራሱን አንድ እንክብል ነው፤ ድምሩን ያየ ሰው ግን አልነበረም።

ዳያዜፓም ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። በሰውነት ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ በ20 ዓመት ወጣት ላይ 20 ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ በ80 ዓመት ሰው ላይ ወደ 90 ሰዓት ይጠጋል። ከዕድሜ ጋር ሰውነት ውስጥ የስብ ድርሻ ይጨምራል፣ ዳያዜፓም ደግሞ ስብ ውስጥ ይከማቻል፣ ጉበትም እንደ ድሮው ፈጥኖ አይሰባብረውም። ስለዚህ እናትዎ ዛሬ ማታ የሚውጡት እንክብል የሚያርፈው ከሦስትና ከአራት ሌሊት በፊት በዋጡት ትርፍ ላይ ነው። «ለእንቅልፍ ብቻ ነው የምትወስደው» ይባላል፤ ግን ቀትር ላይ ሲራመዱም በደማቸው ውስጥ አለ።

መድኃኒት መድኃኒትን እየጠራ እንዴት እንደሄደም ያስተውሉ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ሽንት ማብዛት ይጀምራል፣ ከ6 እስከ 12 ሰዓትም ይሠራል። ማታ ሲዋጥ ሥራው የሚውለው ሌሊቱ ላይ ነው። ሌሊት ተደጋግሞ መነሳት እንደ ፊኛ ችግር ታየና ኦክሲቡቲኒን ታዘዘ። ኦክሲቡቲኒን አንጀትን አሰነፈ፣ ሆድ ደረቀ፤ የሞላ አንጀት ደግሞ ፊኛን ተጭኖ ሽንት ቶሎ ቶሎ ያመጣል። ፊኛውም ጨምቆ ካልጨረሰ የተረፈው ሽንት በጥቂት በጥቂቱ ይመጣል፣ ከውጭ ሲታይ አሁንም «ሽንት በዛባት» ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የሚነሱት ዳያዜፓምና አሚትሪፕቲሊን ጉልበታቸውን ባላሉት፣ ግፊታቸውን ባወረዱት ሰውነት፣ በጨለማ ነው። ሁለቱ መውደቆች የመጡት ከዚህ ይመስለናል።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ከራስዎ ጓዳ። በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያውጡ፦ የታዘዘውን፣ ከፋርማሲ በቃል የተገዛውን፣ ከጎረቤት የመጣውን፣ ሽሮፑን፣ ቅባቱን፣ የዓይን ጠብታውን። አንድ ወረቀት ላይ አምስት ነገር ይጻፉ፦ ስሙን (የንግድ ስሙን ሳይሆን ውስጡ ያለውን)፣ መጠኑን፣ የሚወሰድበትን ሰዓት፣ ለምን እንደተጀመረ፣ መቼ እንደተጀመረ። «ለምን» የሚለው ቦታ ባዶ የቀረበት መድኃኒት ካለ ክብ ያድርጉበት፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። የጉንፋን እንክብሎችን ጀርባቸውን ገልብጠው ያንብቡ፤ ብዙዎቹ ክሎርፌኒራሚንን ከፓራሲታሞል ጋር ይዘዋል፣ ስለዚህ ጉንፋን ሲይዛቸው ሳያውቁት ክሎርፌኒራሚኑን እጥፍ እየሰጧቸው ሊሆን ይችላል። ፕሮሜታዚንና ዳይፈንሃይድራሚን የሚሉ ስሞች ካገኙም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ትራማዶል ካለ ደግሞ ለየብቻ ያስቀምጡት። ከዳያዜፓም ጋር ሲገናኝ ትንፋሽን ያዳክማል፣ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኝ የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ የማስነሳት አደጋው ይጨምራል። በሐኪም የታዘዘ ከሆነ ጉዳዩን ለሐኪሙ ያንሱ፤ የሰው ከሆነ አይስጧቸው።

ወረቀቱንም እንክብሎቹንም ይዘው ለአንድ ሐኪም ያቅርቡ። ሲገቡ «እናቴ ትረሳለች» ብለው አይጀምሩ፤ ለመርሳት ሌላ መድኃኒት ሊጨመር ይችላልና። ለምሳሌ ለመርሳት በሽታ የሚሰጠው ዶኔፔዚል አሴቲልኮሊንን የሚያበዛ ነው፤ ኦክሲቡቲኒን እየተወሰደ እሱን መጨመር በአንድ እጅ እየቀዱ በሌላው ማፍሰስ ነው። ይልቅ እንዲህ ይበሉ፦ «ኦክሲቡቲኒን ከተጀመረ በኋላ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፣ ትደናገራለች፣ ሆዷ ይደርቃል። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ሊቀር ይችላል?»

ቅደም ተከተሉን እኛ ብንሆን እንዲህ እናስቀምጠው ነበር፤ የመጨረሻው ቃል ግን የሐኪማቸው ነው።

ክሎርፌኒራሚን ዛሬውኑ ሊቀር ይችላል፤ በዚህ መጠን በቀስታ መቀነስ አያስፈልገውም። ለማሳከኩ ለብ ባለ ውሃ አጭር ገላ መታጠብ፣ ቆዳው ሳይደርቅ ወዲያው ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ቅባት መቀባት፣ የሚያደርቅ ሳሙና መተው ከብዙ እንክብል ይሻላል፤ የአረጋዊ ቆዳ በአብዛኛው የሚያሳክከው ስለደረቀ ነው። እንክብል የግድ ከሆነ ሎራታዲን ወደ አንጎል ብዙ አይገባም፤ ኩላሊት ወይም ጉበት የደከመ ከሆነ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን። በቤት ውስጥ ሌላም ሰው ሌሊት ሌሊት የሚያሳክከው ካለ ደግሞ እከክ እንዳይሆን ይታይ።

ቀጥሎ ኦክሲቡቲኒን። የመጨረሻው የገባ፣ ችግሩም የተከተለው እሱን ነው። ሐኪሙን የሚጠይቁት ሁለት ነገር አለ፦ ኦክሲቡቲኒኑ እንዲቆምና ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ወደ ጠዋት እንዲዛወር። ሁለተኛው ብቻውን የሌሊቱን መነሳት ሊያቃልለው ይችላል። ሽንት ከሸኑ በኋላ ፊኛ ውስጥ የቀረው መጠንም በአልትራሳውንድ ይታይ። ቀን ላይ በየ2 እና 3 ሰዓቱ፣ ሽንት መጣ አልመጣ፣ ሽንት ቤት መሄድን ያስለምዷቸው። ከመተኛት 2 ሰዓት በፊት ፈሳሽ ይቀንሱ፤ ቀን ላይ ግን አይቀንሱ፣ ሆድ ድርቀቱ ይብሳልና።

አሚትሪፕቲሊን ሦስተኛ። ከ25 ወደ 10 ሚሊ ግራም ወርዶ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይቆማል፤ 10 ሚሊ ግራሙ ካልተገኘ ፋርማሲስቱን ግማሽ ስለማድረግ ይጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን እግራቸውን የሚያቃጥላቸው ምን እንደሆነ ተፈልጎ ያውቃል? ስኳርና ቫይታሚን ቢ12 ይመርመር። የቢ12 እጥረት እግርንም ያቃጥላል፣ ማስታወስንም ይጎዳል፣ ሊታከምም ይችላል። በምትኩ ጋባፔንቲን ቢታዘዝ እሱም የሚያፈዝ፣ መጠኑም በኩላሊት አቅም የሚወሰን መሆኑን ይወቁ።

ዳያዜፓም መጨረሻ ላይ፣ በትዕግሥት። ከላይ ያሉት ወጥተው አእምሯቸው ጠራ ካለ በኋላ ይሻላል፤ ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተቀነሰ የትኛው ምን እንዳደረገ አይታወቅም። ለሐኪሙ የሚቀርብ ምሳሌ፦ በ2 ሚሊ ግራም እንክብሎች ተቀይሮ 4 ሚሊ ግራም ለ4 ሳምንት፣ 3 ለ4 ሳምንት፣ 2 ለ4 ሳምንት፣ ከዚያ 1.5፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ 0.5፣ እያንዳንዱ ለ4 ሳምንት። ከ2 በታች ደረጃው የሚያጥረው ከ2 ወደ 1 መውረድ መጠኑን በግማሽ መቀነስ ስለሆነ ነው፤ ብዙዎች የሚሰናከሉትም እዚያ ነው። በድምሩ 6 ወር ገደማ ይሆናል። እንክብሉን በቢላ ሳይሆን በመቁረጫው ይክፈሉት፤ ሩብ ሲሆን ትንሽ ቢፈረፍርና ዛሬ ከትናንት ጥቂት ቢያንስ አይጨነቁ፣ ዳያዜፓም በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ልዩነቱ ይካካሳል። በዚሁ ምክንያት የመቀነሱ ስሜት የሚመጣው በማግስቱ ሳይሆን ከቀናት በኋላ ነው፦ መነጫነጭ፣ መባነን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ በትንሽ ድምፅ መረበሽ። ያኔ ባሉበት መጠን ላይ ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ይቆዩ እንጂ ወደ ላይ ለመመለስ አይቸኩሉ።

ይህን ሁሉ ግን ከእናትዎ ተደብቆ ማድረግ አይገባም። እንክብሉን በሌላ ቀይሮ መስጠት ሲታወቅ መተማመን ይሰብራል፤ ደግሞም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የካናዳ ጥናት ለረጅም ጊዜ ከዳያዜፓም ቤተሰብ የሆነ የእንቅልፍ መድኃኒት ለሚወስዱ አረጋውያን ስለ አደጋውና ስለ አቀናነሱ የሚያስረዳ ጽሑፍ በቀጥታ ተሰጣቸው። በ6 ወር ውስጥ 27 በመቶዎቹ መድኃኒቱን ተዉት፤ ጽሑፉ ካልደረሳቸው ውስጥ የተዉት 5 በመቶ ነበሩ። ጠዋት አእምሯቸው ጠራ በሚልበት ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጠው ያስረዷቸው። መድኃኒቱ የተጀመረው በሐዘን ነው፤ ስለ ሌሊቱ ፍርሃት ስለ አባትዎም ሊያወሩ ይችላሉ። ይስሟቸው፤ ያ የቆየ ሐዘን እስካሁን በእንክብል ብቻ ተይዞ ሊሆን ይችላል።

እንቅልፉን በተመለከተ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ ቆጥረው ያውቃሉ? ማታ 2 ሰዓት የተኛ ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ቢነቃ 7 ሰዓት ተኝቷል፤ በሽታ የለበትም። የመኝታ ሰዓታቸውን ወደ 4 ሰዓት ያዘግዩት፣ የመነሻ ሰዓታቸው ሁሌ አንድ ይሁን፣ ጠዋት ብርሃን ላይ ይቀመጡ፣ የቀን እንቅልፍ ከ9 ሰዓት በፊትና ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ ይሁን።

መድኃኒቱ እስኪቀንስ ደግሞ ዳግም እንዳይወድቁ። አልጋ ሥር ፖፖ ያኑሩ፤ ያ የማይሆን ከሆነ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ሌሊቱን የማይጠፋ ደብዛዛ መብራት ይኑር፣ ምንጣፉ ይነሳ። ከመነሳታቸው በፊት አልጋ ጫፍ 2 ደቂቃ ተቀምጠው የእግራቸውን ጣቶች ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። የግፊት መለኪያ ካለዎት አንድ ጠዋት ይሞክሩት፦ 5 ደቂቃ በጀርባቸው ተኝተው ይለኩ፣ ከቆሙ በ1 እና በ3 ደቂቃ ይድገሙ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሲቆሙ ግፊታቸው እየወደቀ ነውና ቁጥሩን ለሐኪሙ ይዘው ይሂዱ።

ጠዋት ጠዋት አንድ መስመር ይጻፉ፦ ሌሊት ስንቴ ተነሱ፣ ሆድ ወጣ ወይስ አልወጣም፣ ተንገዳገዱ ወይ፣ ቀኑን ያውቃሉ ወይ። ምላሳቸውንም ይዩት፤ የደረቀና ከላንቃ ጋር የሚጣበቅ ምላስ እርጥበት ሲመለስበት መድኃኒቱ ከሰውነት እየወጣ መሆኑን ብዙ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ያሳያል።

ሐኪም ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚኬድባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ተጠርተው ወይም ተነቅንቀው ካልነቁ ወይም ትንፋሻቸው ከዘገየ፤ 8 ሰዓት ያህል ሽንት ሳይሸኑ እንብርታቸው ሥር ከተነፋና ካመማቸው፤ አንድ ዓይን በድንገት ቀልቶ ከታመመና መብራት ዙሪያ ቀለበት ከታያቸው፤ ቆዳቸው ደርቆ ትኩሳት ከያዛቸው፤ የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ ከያዛቸው፤ ወይም ከወደቁ በኋላ ራስ ምታትና ማስመለስ ከተከተለ።

«በስንት ጊዜ ይሻላታል?» ላሉት፦ ኦክሲቡቲኒን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ከሰውነት ይወጣል፤ ክሎርፌኒራሚን በአረጋዊ ሰውነት እስከ ሳምንት ይቆያል። ሆድ ድርቀቱ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ሊላላ ይገባዋል። የአመሻሹ መደናገር በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ምክንያቱ ከተወገደ በኋላም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን ለውጥ ባያዩ «መድኃኒቱ አልነበረም» ብለው እንዳይመልሱት። ሁሉም ከወጣ 2 ወር አልፎ መርሳቱ እዚያው ካለ የመርሳት በሽታ ምርመራ የሚደረገው ያን ጊዜ ነው፤ ወንድሞችዎም በዚያን ቀን አብረዋችሁ ቢሄዱ መልካም ነው።